ያተረፍነው ሰዓት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ ስለ አስፋልት ውፍረትና ስለ ድልድይ ምሰሶ እንዳላነሣ አስቀድመው አሳስበውኛል። «ጠዋቱን ሁሉ ስለ እርሱ ስንሰማ ስለምንውል፣ ከምሳ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ይሁንልን» ነው ያሉኝ። እኔም ቃላቸውን አክብሬ ስለ ጉዞና በጉዞ ላይ ስለሚገኙት ጥቃቅን ደስታዎች ልናገር መጥቻለሁ። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ስለ ደስታም ቢሆን ሲናገር ሒሳብ ሳያሰላ አይቀርምና፣ ንግግሬ ወደ ማለቂያው ላይ ወደ ሥራችን ቢያዘነብል እንደምትታገሡኝ አምናለሁ።

እንደምታውቁት፣ አንድ መንገድ ከመሠራቱ በፊት በሚዘጋጀው የአዋጭነት ጥናት ውስጥ የመንገደኛው የጊዜ ቁጠባ የሚመዘገብበት ዐምድ አለ። መንገደኛው በፊት ይህን ያህል ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ መንገዱ ሲሠራ ይህን ያህል ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ በብር ተሰልቶ ከመንገዱ ጥቅም ይደመራል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ነገር ግን መንገደኛው ያን የተረፈውን ሰዓት ወስዶ ምን እንዳደረገበት የሚጠይቅ ዐምድ በየትኛውም ጥናት ውስጥ አይገኝም። ዛሬ በእናንተ ፈቃድ ይህን የጎደለውን ዐምድ ልሞላው እሞክራለሁ። ለምሳሌ የምወስደውም በሥራ ምክንያት ደጋግሜ የተመላለስኩበትን የደቡቡን መንገድ፣ በተለይም በዚያ መንገድ ላይ የምትገኘውን ሜጋን ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ መገንጠያ አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ ርዝመቱ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን እንዲዘልቅ የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል እርሱ ነው። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ሞያሌ ላይ ተገናኝተው የጋራውን የድንበር ኬላ በመረቁ ጊዜ፣ ቀድሞ ጭነኛ መኪና በአቧራና በጭቃ ሲታገልበት ይሰነብት የነበረው ጎዳና ለስላሳ አስፋልት ለብሶ ነበር። ሜጋ ከሞያሌ በፊት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። ሹፌሩ ሞያሌ ለምሳ ለመድረስ ከቸኮለ፣ ከተማይቱን በመስኮት አይቶ ለማለፍ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚቸኩል ሰው ግን ያፈሰሰውን እንኳ ሳያውቀው ያልፋል።

ሜጋ ላይ ወርዶ በእግሩ የሚቆም መንገደኛ መጀመሪያ የሚገርመው ነገር ብርዱ ነው። ሰው ሁሉ ቦረናን ሲያስብ ሐሩርን ያስባል። ነገር ግን ሜጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሞያሌ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀዘቅዝ ስለምናውቅ፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 4 ዲግሪ ያህል መሆኑን ካርታ አይተን ልንገምተው እንችላለን። ይህን ሳያሰሉ የመጡ ሰዎች ዋጋ ከፍለውበታል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከኬንያ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው የመጡት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሜጋን ከጣሊያኖች እጅ ሲያስለቅቁ፣ ከጠላት ጥይት ሌላ ዝናቡና ብርዱ እንዳሠቃያቸው የጦርነቱ ታሪክ ያወሳል። ከዚያም ቀደም ብሎ እንግሊዞች ለደቡብ ኢትዮጵያ የሾሙትን ቆንስላቸውን ያስቀመጡት በዚህችው ከተማ ነበር። ከ1906 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት እዚህ የቆየው አርኖልድ ሆድሰን ኋላ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ የፎክላንድ ደሴቶች፣ የሴራሊዮንና የዛሬዋ ጋና አገረ ገዥ ሆኗል። በሄደበት ሁሉ የሬዲዮ አገልግሎት በማቋቋም ይታወቃል፤ በአክራም በ1935 እ.ኤ.አ. ሬዲዮ ያስጀመረው እርሱ ነው። ደብዳቤ በእንስሳ ጀርባ ሲመጣ እየጠበቀ በሜጋ ኮረብታ ላይ ዓመታት የኖረ ሰው፣ ድምፅን በሽቦ ለመላክ እንዲህ መጓጓቱ እኔን ብዙም አላስገረመኝም።

ይህ ብርድ ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው አንዲት ወፍን ነው። ከያቤሎ እስከ ሜጋ ባለው የግራር መሬት ላይ አካሏ አመድማ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ደማቅ ሰማያዊ የሆነች የቁራ ዘመድ ትታያለች። ሳይንስ ያወቃት በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከዚህ ጠባብ አካባቢ በቀር በሌላ ስፍራ አትገኝም። ከዚያ ወዲያ ማዶም ተመሳሳይ ግራር፣ ተመሳሳይ ቀይ አፈር፣ ተመሳሳይ ከብት እያለ ለምን እንደማትሻገር ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ግራ ሲያጋባቸው ኖሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምሥጢሩን ገለጠው፤ ወፏ የምትኖረው አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነው ምድር ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ቆላ ለእርሷ የማይታይ አጥር ነው። ጅራቷ ነጭ ያለባት አንዲት ወንጭፊትም የምትኖርበት ምድር ከዚህችው ወፍ አገር ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። በ1942 እ.ኤ.አ. ስም ሲወጣላት በሜጋ ስም «ሜጋኤንሲስ» ተብላለች። እነሆ እኛ ሻይ የምንጠጣበትን ጊዜ ነፍገን የምናልፋት ትንሽ ከተማ፣ ስሟ በዓለም የወፎች መዝገብ ሁሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ወፎቹን ለማየት ሌላ ድካም አያሻም። በማለዳ ፀሐይዋ ሳትበረታ ከመኪና ወርዶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቆም ብቻ ይበቃል። ነገር ግን አየሩ በሁለት ዲግሪ ቢሞቅ ይህች የማይታይ አጥር ያላት ወፍ ወዴት ትሄዳለች ብሎ ሳይጠይቅ ወደ መኪናው የሚመለስ መሐንዲስ፣ ሩብ ሰዓቱን በከንቱ አሳልፏል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥዬ ለመንገደኛ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮችን ልስጥ።

አንደኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላምና የዝናቡን ሁኔታ ከዚያው ከሚመጣ ሹፌር ጠይቁ፤ የጭነት መኪና ሹፌር የሚሰጠው ወሬ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ጉዞውን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ከምሽቱ በኋላ በዚህ መንገድ ላይ ግመልና ከብት ይተኛበታል፤ አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚሰጣቸው ነው። ሦስተኛ፣ ያቤሎ ለማደር የምታስቡ ከሆነ ከተማው ከአውራ ጎዳናው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ገባ ስለሚል፣ መገንጠያውን ካለፋችሁ በኋላ «ያቤሎ የት ሄደች?» እንዳትሉ። አራተኛ፣ ሹራብ ያዙ፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። አምስተኛ፣ ሰላምታን ተማሩ። የቦረና ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ነጋ?» ብሎ ነው፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። የሰዉ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ሰላም በየተራ ይጠየቃል። ቸኩሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባ እንግዳ እንዳላደገ ልጅ ይቆጠራል።

ሰላምታውን በወጉ ያደረሰ እንግዳ ዕድል ከቀናው ቡና ቀላ ይቀርብለታል። ይህ እኛ እንደለመድነው የተቆላና የተወቀጠ ቡና አይደለም። የቡናው ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ፣ ከወተት ጋር የሚቀርብ ነው። «ቀላ» የሚለው ቃል ማረድ ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ ፍሬው ሲከፈት እንደ መሥዋዕት ይቆጠራል፤ ሽማግሌውም ስለ ሰላምና ስለ ዝናብ ይመርቁበታል። ፍሬው በቅቤው ውስጥ ሲንጣጣ መስማት፣ ከዚያም የቅቤውና የቡናው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እኔ በዚህ መንገድ ላይ ካገኘኋቸው ደስታዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ዋጋው ትዕግሥት ብቻ ሲሆን፣ የሚፈጀውም አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም አስፋልቱ ካተረፈልን ሰዓት ላይ በቀላሉ ይከፈላል።

ዘመናዊው ኑሮም በዚህ መንገድ ላይ የራሱን ትንግርት አስቀምጧል። ሞያሌ ላይ ኬላውን የተሻገረ ሹፌር ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ አለበት፤ ኬንያ ከእንግሊዞች የወረሰችውን ግራ ስትይዝ፣ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ዞራለች። ሰዓቱን በተመለከተ ግን ጎረቤታሞቹ ከሚያስቡት በላይ ይመሳሰላሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነውና፣ የእርሱ አንድ ሰዓት የእኛም አንድ ሰዓት ነው። የማይስማማው በሁለታችንም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያሻግራል። ከብቱን የሚጠብቀው ወጣት ደግሞ ስልኩን በትንሽ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ይሞላል። ሁለቱም የዘመናችን ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ግን ሳይቆም የሚያልፍ ሲሆን ሌላው ሰውየው ካለበት ቦታ ድረስ የመጣ ነው።

ጊዜ ያለው መንገደኛ ከዱብሉቅ በስተደቡብ ከዋናው ጎዳና ወጥቶ የጨው ቤት የሚባለውን ኤል ሶድን ሊያይ ይገባዋል። የጠፋ እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ የቀረበት ጥልቅ ገደል ሲሆን፣ ከታች ጥቁር የጨው ሐይቅ ተኝቶበታል። ቁልቁል መውረዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ ሽቅብ መውጣቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ በቀትር አትውረዱ፣ ውኃችሁንም ከላይ አትተዉት። ጨው አውጪዎቹ አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ደፍነው እየጠለቁ ጨውማውን ጭቃ ከሐይቁ ወለል ላይ ያወጣሉ፤ አህዮች ደግሞ ሽቅብ ያጓጉዙታል። ከብት ያለ ጨው አይደልብምና፣ ይህ ጥቁር ጭቃ በሩቅ ገበያ ሳይቀር ይፈለጋል። እዚያ የሚሠራውን ሰው ቆዳ ያየ መንገደኛ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅና የአገሬውን መሪ ተገቢውን መክፈል እንዳለበት ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

ክቡራንና ክቡራት፤ አሁን ወደ ፈራሁት ቦታ፣ ማለትም ወደ ሥራችን ደርሻለሁ።

ዱብሉቅ ላይ በበጋ ወራት የቆመ ሰው፣ ከመሬት ሥር ዜማ ሲወጣ ይሰማል። ቱላ ከሚባሉት ጥንታዊ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ እዚያ ነው። ሰዎች ከጥልቁ እስከ ከብት ማጠጫው ገንዳ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደራርበው ቆመው፣ የውኃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ቀድሞ መቅጃው ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ዜማው ግን አልተለወጠም።

ይህን ያየ መሐንዲስ ወረቀት ማውጣቱ አይቀርም። እንበልና ጥልቀቱ 20 ሜትር ነው፤ የሚወጣውም በሴኮንድ አንድ ሊትር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል 200 ዋት ያህል ነው። አንድ ሰው ለረዥም ጊዜ ሳይደክም ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ያህል ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ይበቃል። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ሰው ተደረደረ? መልሱ እነሆ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሊትር ውኃ ተሸክሞ ብቻውን ቢወጣ፣ ከሚያወጣው ጉልበት ውስጥ ለውኃው የሚውለው ከአሥራ ሦስት እጅ አንዱ ብቻ ነው፤ ቀሪው የራሱን አካል ሽቅብ ለማንሣት ይጠፋል። በሰልፉ ግን ሰው አይወጣም፤ የሚወጣው ውኃው ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ የሜካኒክስ ሕግ ሆኖ ይታያል። ዜማውም መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የሞላው ሲወጣ ባዶው በምን ቅጽበት መውረድ እንዳለበት የሚወስን የማሽኑ ሰዓት ነው።

የማሽኑ ዋና አካል ግን በዓይን አይታይም። አባ ሄሬጋ የሚባል የውኃው ተራ አስከባሪ አለ። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚያስከብረው እርሱ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠጣል፤ በመካከሉ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ተራ የውኃ ተራ ብቻ ሳይሆን የሣርም ተራ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ሥራው ከባድ በመሆኑም ማንም ሰው እንደፈለገ ከብቱን አምጥቶ በዙሪያው አያሰፍርም።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚህ አገር ለከብት ልማት ታስቦ ብዙ ኩሬዎች በማሽን ተቆፍረዋል። ያሰቡት ሰዎች በጎ ሐሳብ ነበራቸው፤ የቆፈሩትም ባለሙያዎች ነበሩ፤ የኩሬውም መጠን በሚገባ ተሰልቶ ነበር። ነገር ግን ከኩሬዎቹ ብዙዎቹ የተቆፈሩት ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ በነበረው መሬት ላይ ነበር። ውኃው ሲገኝ ከብቱም ሰውም እዚያው ሰነበተ፤ ሣሩ የሚያርፍበት ወቅት ጠፋ፤ በሣሩም ፋንታ ቁጥቋጦ በዛበት። በሠንጠረዡ ላይ ውኃው በሜትር ኩብ ተቆጥሯል፤ ተራው ግን የሚቆጠርበት ዐምድ አልነበረውም።

ይህ የትናንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ በመንጋ አልቋል። በዚያ ዘመን በአስፋልቱ ዳር ያለፈ ሰው ያየውን አይረሳውም። የድርቁ ምክንያት ኩሬ ነው አልልም፤ ዝናብ ሲጠፋ የሚመጣውን መከራ ማንም ብቻውን አያመጣውም። የምለው ሌላ ነው፤ ሣሩ የሚያርፍበትን ተራ ያጣ አገር ድርቅ ሲመጣበት መጠባበቂያ የለውም። አሁንም ለዚህ አገር አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ የሞተር ፓምፕ፣ አዲስ የቧንቧ መስመር የሚነድፉት በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ባልደረቦቼ ናቸው። ፓምፕ ከሰው ሰልፍ ይበረታል፤ በሴኮንድ ከአንድ ሊትር በላይ ያወጣል፤ ይህንንም በደስታ እቀበለዋለሁ፤ በገደል ውስጥ ቆሞ መቅጃ ማቀበልን ለልጁ የሚመኝ አባት ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ፓምፕ ተራ አያውቅም። ተራውን የሚያውቀው አባ ሄሬጋ ነው፤ እርሱም በዲዛይን ሰነዳችን ላይ አይገኝም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማናችንም ወደ ቆላው አገር ለሥራ ስንላክ፣ የቅየሳ መሣሪያችንን ከሣጥኑ ከማውጣታችን በፊት አንድ ሙሉ ቀን ያለ ሥራ እንቀመጥ። ጠዋት ወፎቹን እንይ፤ ሻይ ቤት ገብተን ሹፌሮች የሚያወሩትን እንስማ፤ ቡና ቀላ ከተገኘ እስከ ምርቃቱ ድረስ እንቆይ፤ ከሰዓት በኋላ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠን የማን ከብት ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ እንቁጠር። ይህን ቀን በሥራ መርሐ ግብራችን ላይ ምን ብለን እንደምንጽፈው አሠሪዎቻችን ቢጠይቁን፣ አስፋልቱ ካተረፈልን ሰዓት ላይ የተከፈለ ነው ብለን እንመልስ።

ያን ቀን የምናየው ነገር አብዛኛው ደስታ ብቻ ነው፤ ለደስታ ሲባልም ብቻ ቢሆን መቆሙ ያዋጣል። የቀረው ግን ዲዛይን ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ መሐንዲስ እስካሁን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማየት ግድ ይለናል።